የቡሬ በርበሬ በስልክ ሲታይ
(ምስል፦ ቡሬ፣ የበርበሬ መጋዘን። ነጋዴው በአንድ እጁ ስልክ ይዟል።)

«ወንድሜ፣ የላይ የላዩን ተወው። ከሥር አንድ ዛላ አውጣልኝ። ስበረው እስቲ።»

መርካቶ ያለው ገዢ ነው። ዛላው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ፍሬው መዳፍ ላይ ይረግፋል። ስልኩ ይጠጋል። ሻጋታ የለም፣ እርጥበት የለም። አሁን ስለ ዋጋ ይወራል። ድሮ ለዚህች አንዲት ዛላ ናሙና በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን መሻገር ነበረበት።

ዋትስአፕ ሆነ ቴሌግራም፣ በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ አሠራሩ ያው ነው። ድምፅ ተለክቶ ቁጥር ይሆናል፤ በተለመደው የስልክ ጥራት በሴኮንድ 8000 ጊዜ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በ20 ሚሊሴኮንድ ልክ እየተቆረጠ ይታሸጋል፤ በሴኮንድ 50 እሽግ ማለት ነው። እያንዳንዱ እሽግ አድራሻ ተጽፎበት እንደ ማንኛውም ዳታ ይጓዛል። እሽጎች መንገድ ላይ ሲጠፉ ወይም ሲዘገዩ ያቺ የምናውቃት «ሃሎ? ትሰማኛለህ?» ትመጣለች።

ወጪውስ? የድምፅ ጥሪ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም። ሞጣ ደወሉ ዋሽንግተን፣ ዳታው አይለያይም። ካርድ የሚጨርሰው ቪዲዮው ነው፤ ዛላውን ካሳዩ በኋላ ካሜራውን ይዝጉት።

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የሆቴል እንግዳ መቀበያ።)

ለሆቴል ግን እኔ የምወደው ጥቅም ሌላ ነው። በኢንተርኔት አሠራር የተሠሩ የጠረጴዛ ስልኮች ለኮምፒውተር በተዘረጋው ገመድ ላይ ይሰካሉ። ጥሪን ከክፍል ክፍል የሚያገናኘው ማዞሪያ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሆነ፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ወጥ ቤት የሚደወለው ከግቢ አይወጣም። ኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ ሳንቲም አይቆጥርም። ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ ቢከፈት ደግሞ፣ ኔት እስካለ ድረስ፣ በዚያው የውስጥ ቁጥር ይጠራል።

አንድ ነገር በመሃል፦ በራስ ስልክ በዳታ መደወል ሌላ፣ የውጭ ጥሪ ያለ ፈቃድ ተቀብሎ በአገር ውስጥ ሲም እያሳለፉ መነገድ ሌላ። ሁለተኛውን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ያስቀጣል።

አሁን ወደ መብራት። የድሮው የመስመር ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ በራሱ ሽቦ ስለነበር መብራት ቢሄድም ይጮሃል። የኢንተርኔቱ ስልክ ግን ራውተሩ ሲጠፋ አብሮ ጭጭ ነው። ለራውተሩና ለማዞሪያው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ሳይገዙ የመስመር ስልኩን አያስነቅሉ።

በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥ ደግሞ፣ ደንበኛውን በቴሌግራም ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚደውልበት ቁጥር አልነበረውም።

(ምስል፦ እንደገና ቡሬ። ነጋዴው ስልኩን ዘግቶ የመርካቶውን ሰው ቁጥር በከሰል የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይጽፋል።)