ገመዱን ራሳችሁ አስገቡት
በሞዴል ክሬኖችና የግንባታ ማሽኖች ትርኢት መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ? ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ቅረቡ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ወላጆች፣ አትሳቀቁ። ዛሬ መንካት ይቻላል። የማይነካው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ቀና ብትሉ የንግድ ባንክን ሕንፃ ታያላችሁ። ቁመቱ 209 ሜትር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ግንባታው ላይ በነበረበት ጊዜ ታክሲ እየጠበቅን ስንቶቻችን ክሬኑን አንጋጠን አይተናል! ግን እንዲህ ያለ ክሬን እዚያ ከፍታ ላይ እንዴት ይወጣል? ሥራው ሲያልቅስ ማን ያወርደዋል?

እኔ የምለው አጭር ነው። አዲስ አበባ በክሬን ተሞልታለች፣ ክሬን ግን በማየት ብቻ አይገባም። ገጥመው፣ ገመዱን አስገብተው፣ ጭነት አንጠልጥለው ሲያዩት ነው የሚገባው። ትልቁን ማንም አይሰጠንም። ትንሹ ግን በእጃችን ነው።

መጀመሪያ ስለ ልኬቱ። የግንባታ ማሽን ሞዴል ሰብሳቢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት አንድ ለሃምሳ ነው። 50 ሜትር የሆነው ነገር ጠረጴዛ ላይ 1 ሜትር ይሆናል። የንግድ ባንክን ሕንፃ በዚህ ልኬት ብንሠራው ከ4 ሜትር ያልፋል፤ ኮርኒሱን በስቶ ይወጣል። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር ነው። እሱ 2 ሜትር ሊሞላ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ቤት ለጠበበው ደግሞ አንድ ለ87 አለ፣ የባቡር ሞዴል ሰዎች ልኬት። የጀርመኑ ኪብሪ በዚህ ልኬት የሚሠራቸው የፕላስቲክ ክሬኖች ተበታትነው በካርቶን ይመጣሉ፤ በኮላ እያጣበቁ መግጠም የናንተ ፋንታ ነው።

ተማሪዎች፣ አንዲት ሒሳብ። ርዝመት በ50 ሲካፈል ክብደትም በ50 የሚካፈል ይመስላል። አይደለም። 50 በ50 በ50 ነው፣ ማለትም በ125 ሺህ። 20 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር ወደ 160 ግራም ይወርዳል ማለት ነው። አሁን ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለውን አንሱት። ከ160 ግራም በእጅጉ ይከብዳል። አካሉ ዚንክ ነው፣ ግድግዳውም ከልኬቱ ወፍራም ነው። ዚንኩን አቅልጠው በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይሰዱታል፤ ከወረቀት የሳሳ ግድግዳ በዚህ መንገድ አይወጣም። በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ኤንዜድጂ እና ኮንራድ ሁለቱም ከጀርመኗ ኑረምበርግ አካባቢ ናቸው።

የማይነካው ጠረጴዛ ጉዳይም ከዚሁ ዚንክ ይመጣል። እዚያ ያለው አሮጌ ሎደር ነው። ድሮ ዚንኩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይሰነጠቃል። እርጥበት ያባብሰዋል፣ መድኃኒት የለውም። ቀለሙ ሲያዩት ደህና ነው፤ ብታነሱት ግን ባልዲው እጃችሁ ላይ ይፈረፈራል። አሮጌ ሞዴል የምትገዙ ሰዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ።

ሞዴል መሥራት ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ሽቦ ጠምዝዞ፣ በቆርኪ ጎማ አበጅቶ መኪና የነዳ ትውልድ እዚህ ተቀምጧል። የግንባታ ማሽንም ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አምጥቶ ነበር፤ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር። ያንን በአንድ ለሃምሳ የሚሠራልን ሰው ቢገኝ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ክሬኑ። ሳይት ላይ የምታዩዋቸው የቻይና ታወር ክሬኖች ላይ አንዳንዴ የቁጥር ስም ታነባላችሁ፣ ለምሳሌ ቲሲ 5613። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 56 የክንዱ ርዝመት በሜትር ነው። 13 ደግሞ የክንዱ ጫፍ ላይ የሚያነሳው ነው፣ 1.3 ቶን። ያ ሁሉ ብረት ጫፉ ላይ ከአንድ ቶን ተኩል በታች! ወደ ማማው ሲጠጋ ግን አቅሙ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሞዴሉ ላይ ይህን በጣታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። መንጠቆውን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ታች ሳቡ፣ ከዚያ ወደ ማማው አስጠግታችሁ ድገሙት። ልዩነቱን ጣታችሁ ይነግራችኋል።

ሲገጠምም ቅደም ተከተል አለው። ማማው ከቆመ በኋላ የኋላው አጭር ክንድ ይወጣል። ከዚያ ከሚዛን ድንጋዮቹ ጥቂቱ ብቻ ይጫናል። ከዚያ ረጅሙ የፊት ክንድ፣ በመጨረሻ የቀሩት ድንጋዮች። ሁሉንም ድንጋይ አስቀድማችሁ ብትጭኑ ክሬኑ ወደ ኋላ ይወድቃል። በመመሪያው ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ዝም ብሎ ትእዛዝ እንዳልሆነ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ከፍ የሚለውስ? ማማውን ከውጭ የሚያቅፍ ፍሬም አለ። የሃይድሮሊክ ጃክ ላይኛውን ክፍል በሙሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ አዲስ የማማ ቁራጭ ይገባና በብሎን ይታሰራል። ሕንፃው ላይ ተቀምጦ የቀረ ትልቅ ክሬን ደግሞ በትንሽ ክሬን ይወርዳል፤ ትንሹን ከሱ ያነሰው ያወርደዋል፤ የመጨረሻው ተፈታትቶ በሊፍት ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ማታ ሠራተኛ በሌለበት የክሬን ክንድ ቀስ እያለ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኦፕሬተሩ ረስቶት የሄደ ይመስላል። ሆን ተብሎ ነው። ሥራ ሲቆም የመዞሪያው ፍሬን ይለቀቃል፤ ክንዱ ነፋሱን ተከትሎ እንዲዞር። ቢታሰር ነፋሱ ሰፊ ጎኑን አግኝቶ ይገፋዋል፣ ሊጥለውም ይችላል።

የመጨረሻው፣ ለኔ የሚጥመኝ ክፍል፣ ገመዱ ነው። ብዙ ሰብሳቢ ክሬኑን ከካርቶን አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል። ጭራሽ ከካርቶኑ የማያወጣም አለ፤ ዋጋው ይጨምራል ብሎ። መብቱ ነው፤ እኔ ግን አይገባኝም። ገመዱን ከጥቅልሉ አውጡት፣ በካሩኮላዎቹ፣ ማለትም ገመድ በሚዞርባቸው ትንንሽ ጎማዎች፣ አዙሩት፣ ወደ መንጠቆው አውርዱት፣ መልሳችሁ አውጡት። 4 ቶን በሁለት ገመድ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ 2 ቶን ይይዛል። በአራት ብታደርጉት 1 ቶን ብቻ። ግን በነፃ አይደለም። መንጠቆው 1 ሜትር እንዲወጣ በሁለቱ 2 ሜትር ገመድ ይጠቀለላል፣ በአራቱ 4 ሜትር። ኃይል ስታተርፉ ፍጥነት ትከፍላላችሁ።

ከፋብሪካ የሚመጣው ክር አንዳንዴ ጸጉራም ነው፤ ከእውነተኛ የብረት ገመድ ጋር አይመሳሰልም። ቀይሩት። የተጎነጎነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ጥሩ ነው። ጫፉን ሱፐር ግሉ ቀብታችሁ አድርቁት፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ እንደ መርፌ ይገባል። መንጠቆው ቀላል ከሆነ ክሩ ይላላል። ምን አለሽ ተራ ወርዳችሁ ትንሽ እርሳስ ወይም ከባድ ዳዶ ፈልጉና ውስጡ ደብቁ፤ ክሩ ቀጥ ይላል።

ስለ ዋጋው አልዋሻችሁም፣ ውድ ነው። ትልልቆቹ ክሬኖች በመቶዎች ዩሮ ነው የሚሸጡት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድን መድኃኒት አምጣልኝ ማለት ይቀላል፤ ክሬን አምጣልኝ ስትሉት ይስቃል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አሥር ሎደር ከምትሰበስቡ አንድ ክሬን ይኑራችሁ። እሱም ካልተቻለ ከካርቶን፣ ከሽቦና ከክር ሥሩ። የገመዱ ሒሳብ ያው ነው።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ገመዱ የወጣለት ክሬን አለ። ክሩና ፒንሳው አጠገቡ ናቸው። ከትንንሾቹ እንጀምር፣ ተራ በተራ። ሱፐር ግሉው ግን ከኔ ጋር ይቆያል። ትልልቆቹ ደግሞ ሻይ አለ፣ እስኪደርሳችሁ ጠጡ። አመሰግናለሁ።