በታሪካችን ውስጥ ስማቸው ስለታለፈ ሰዎች

የተከበራችሁ የጉባኤያችን ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤

በዚህ በዓል ላይ የጉባኤያችንን ታሪክ እንዳቀርብ ስታዘዝ ከመሠረት ድንጋዩ እንድጀምር ተመክሬ ነበር፤ እኔ ግን ደሴ ገና ሳትቆረቆር ከነበረው ዘመን እጀምራለሁ። ቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ አንግሊካውያን ማኅበር የላከው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ጎንደር ለመግባት በእኛው በወሎ በኩል ተነሣ። አደራ ቢሌ የሚባለው የአገሩ ባላባት ሲሄድ በደኅና ተቀበለው፤ መንገዱ በጦርነት ተዘግቶበት ሲመለስ ግን ያው ሰው ይዞ አሰረው፣ ንብረቱንም ገፈፈው። ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው እያልን ስንኮራ ይህችን ገጽ ዘለል እናደርጋታለን። ክራፕፍ በትግራይ በኩል አድርጎ ምጽዋ ደረሰ። ይህን ሁሉ ዛሬ የምናወራው ሰውየው የጉዞ ማስታወሻ ጽፎ ስላለፈ ነው። ጓዙን የጫኑለት፣ መንገድ የመሩት፣ ከእርሱ ጋር የተንገላቱት የአገራችን ልጆችስ ማን ማን ይባሉ ነበር?

በዚያ ዘመን ሚስዮናውያኑ ያድሉት የነበረውን የአማርኛ ቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን፣ ካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመበት ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ ነው። ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ሲታተም እርሱ በሕይወት አልነበረም። የአንግሊካን ጉባኤያት ዛሬ በአዲስ አበባና በጋምቤላ ይገኛሉ፤ እኛ በሥርዓት ከእነርሱ ብንለይም የተማርነው ከዚያው መጽሐፍ ነው። ከመካከላችን አቡ ሩሚን በስሙ የሚያውቀው ስንቱ ነው?

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ለዛሬው በዓል የታተመውን መጽሔት ሁላችሁም ይዛችኋል። የሕንፃው ወጪ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል፤ ሰላምታ የላኩልን ድርጅቶች ፎቶግራፋቸው ገጽ ሞልቶ ወጥቷል። ከቦርከና ዳር አሸዋ በጀርባቸው እያዘሉ ያመላለሱት እናቶች ግን «ምዕመናንም ተባብረው» ተብለው ታለፉ። ስም የላቸውም? ከፊት ወንበር ተቀምጠው እኮ እየሰሙኝ ነው! በደርግ ዘመን የጸሎት ቤታችን በታሸገ ጊዜ የጥምቀት መዝገባችንን በልብስ ሣጥናቸው፣ ከቀሚሶቻቸው ሥር ሸሽገው ያቆዩልን ሙስሊሟ ጎረቤታችን እናትም አንድ መስመር አልተሰጣቸውም። መዝገቡ ይኸው በእጄ ነው፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምናከብረው በዓል በየትኛው ማስረጃ ይከበር ነበር?

ስለ መዘምራኑና ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሌሎች ተናጋሪዎች ስላሉ አላነሣም። ለሽማግሌዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ መጽሔቱ ዳግመኛ ይታተም፣ የእነዚህ ሰዎች ስም ከነአባታቸው ይግባበት። ከሰኞ ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ደብተር ይቀመጥና የምታስታውሱ ሁሉ እየመጣችሁ አስመዝግቡ፤ መጻፍ ለማትችሉ እኔ እጽፍላችኋለሁ።