«የለም» ከማለታችን በፊት
ለአዲስ የተራራ ፍለጋ በጎ ፈቃደኞች በመስክ ልምምድ ዋዜማ የተደረገ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ ውድ አዲስ በጎ ፈቃደኞች፤

ነገ ማለዳ ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ገመድ አያያዝም ሆነ ስለ መጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ከእኔ የተሻሉ አሠልጣኞች አስተምረዋችኋል። እኔ የምናገረው ስለ አንዲት ቃል ነው፤ ቃሏም «የለም» ናት። ብቻውን ተራራ ወጥቶ በቀጠሮው ሰዓት ያልተመለሰን ሰው ሲፈልግ የዋለ ቡድን፣ ማታ ለአስተባባሪው ከሚያቀርበው ቃል ሁሉ በብዛት የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሳይጠነቀቁ ከተናገሩትም ሰው ሊገድል የሚችለው ይኸው ቃል ነው።

ከባልንጀራ ጋር የወጣ ሰው ቢወድቅ ባልንጀራው ወርዶ ይናገርለታል፤ የወደቀበትን ገደልና የወደቀበትን ሰዓት፣ ሲለያዩ ራሱን ያውቅ እንደ ነበርም ከእሱ እንሰማለን። ብቻውን የወጣ ሰው ግን የሚናገርለት የለም። ረፋድ ላይ እግሩ ቢሰበር ቤተሰቡ እስኪመሽ ድረስ አይጠራጠርም፤ ሲመሽም «ትንሽ ዘግይቶ ይሆናል» እያለ ይጠብቃል፤ ስልኩን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሰውን ላስቸግር ወይስ ልታገሥ እያለ ያመነታል። ጥሪው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከግማሽ ቀን በላይ አልፏል። አሜሪካዊው ተራራ ወጪ አሮን ራልስተን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2003 በዩታ ግዛት ብሉጆን በተባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ክንዱ በቋጥኝ ተይዞ አምስት ቀን ከምናምን የቆየው፣ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር በመውጣቱ ነበር። ፍለጋው የተነሣሣው ከሥራ ገበታው ሲቀር ነው። ሄሊኮፕተሩ ሲደርስለትም የገዛ ክንዱን ቆርጦ፣ ከሸለቆው ወጥቶ በእግሩ እየሄደ ነበር።

የጠፋው ጊዜ በመሬት ስፋት ሲተረጎም ምን እንደሚመስል በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ወጣ ገባ በሆነ መሬት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቦታ ተነሥቶ በ1 ሰዓት ውስጥ ሊደርስበት የሚችለው ክብ ወደ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ2ኛው ሰዓት 113፣ በ3ኛው 254 ይሆናል። እርግጥ ነው ገደሉና ወንዙ ክቡን ይቆራርጡታል፤ ደክሞት ወይም ተጎድቶ የተቀመጠ ሰውም እንደዚህ አይራመድም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንዳንዶቻችሁ ለአሰሳ ሳይሆን መንታ መንገድ ላይ ወይም ድልድይ አጠገብ እንድትቀመጡ የምትታዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ጀግና የሚያሰኝም አይደለም። ነገር ግን ሰውየው ሳናውቅ ከምንፈልግበት መሬት ወጥቶ እንዳይሄድ የሚያደርገው ያ መቀመጥ ነው።

ፍለጋው በእግር ከመጀመሩ በፊት በጥያቄ ይጀመራል። ሰውየው በእርግጥ ተራራው ላይ ነው? መኪናው የት ቆሟል? ከወዳጅ ቤት አድሮ ይሆን? ይህ ከተጣራ በኋላ የቤተሰቡን ሰው በጸጥታ አስቀምጦ መጠየቅ ይገባል። የጃኬቱን ቀለም ሁሉም ይጠይቃል። የጫማውን ሶል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ያንኑ ዓይነት አሮጌ ጫማ ቤት ውስጥ ትቶ ከሆነ ሶሉን ፎቶ ማንሣት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። የሚወስደው መድኃኒት አለ? ያለ መነጽር ያያል? ስልኩ ሲወጣ ምን ያህል ቻርጅ ነበረው? ከሁሉ በላይ ጠባዩን ጠይቁ። ጫፍ ሳይደርስ የማይመለስ እልኸኛ ነው ወይስ ደመና ሲያይ የሚመለስ? መንገድ ሲጠፋው ቆሞ የሚያስብ ነው ወይስ አቋራጭ የሚፈልግ? እናት ወይም ሚስት እንባዋን እየጠረገች በምትሰጠው በዚህ መልስ ካርታው ላይ አንዱ ሸለቆ ሊደምቅ፣ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል።

ወደ መነሻው ስትደርሱ ደግሞ አትሩጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሃያ ሰው ተንጋግቶ የረገጠው መንገድ ላይ የአንድ ሰው ዱካ አይለይም። ለመጀመሪያው መንገድ ሁለት ሦስት ፈጣንና ዐዋቂ ሰዎች በዳር በዳሩ ይበቃሉ፤ ሌላው ይጠብቅ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ቃል ልመለስ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ቡድናችን ቁጥቋጦ የሸፈነውን አንድ ፈፋ እንዲያስስ ተሰጠው። ይዘንባል፣ መሽቷል፣ ደክሞናል። በፈፋው አፋፍ እየሄድን ቁልቁል ተጣራን እንጂ ወርደን አላየንም። በቅጹ ላይ ግን «ፈፋው ታይቷል፤ የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተባባሪው ቃላችንን አምኖ በማግሥቱ ሰዉን ሁሉ ወደ ማዶው ሸንተረር ላከ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን በዚያው ፈፋ ውስጥ፣ ከቋጥኝ ሥር፣ እግሩ ተሰብሮ በሕይወት ተገኘ። ጥሪያችንን ሰምቶ መልሶልንም ነበር፤ እኛ ግን እየተራመድንና እርስ በርስ እያወራን ስለ ነበር አልሰማነውም። ታሪኩን ዛሬ ለመናገር የደፈርኩት በሕይወት በመገኘቱ ብቻ ነው።

ስሕተቴ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ የፍለጋን ሒሳብ ስማር ነው። የዚህ ሒሳብ መሠረት የተጣለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የጠላት ሰርጓጅ መርከቦችን ከሰፊው ውቅያኖስ ለይቶ ማግኘት ሲያስቸግር ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ በርናርድ ኩፕማንና የሥራ ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አዘጋጁት፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ተራራውም ተሻገረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውየው በአንድ ፈፋ ውስጥ የመኖሩ ዕድል ከ100 እጅ 40፣ በቀረው መሬት የመኖሩ ደግሞ 60 ነው እንበል። ቡድኑ ፈፋውን ሲያስስ፣ ሰውየው እዚያ ቢኖር ኖሮ የማግኘቱ ዕድል ከ100 እጅ 70 የሚሆንበት ጥሩ አሰሳ አድርጎ ምንም ባያገኝ፣ ፈፋው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ወደ 17 ዝቅ ይላል እንጂ ዜሮ አይሆንም። በአፋፉ ላይ አልፎ የሄደ፣ የማግኘት ዕድሉ 30 ብቻ የሆነ ቡድን ከሆነ ግን ዕድሉ የሚወርደው ወደ 32 ብቻ ነው፤ ያም ማለት ፈፋው በማግሥቱም ዋና መፈለጊያ ሊሆን ይገባዋል ማለት ነው። እኔ «የለም» ብዬ ስጽፍ 32 የነበረውን ዜሮ አደረግሁት።

ስለዚህ አስተባባሪ ስታገኙ «አላገኘንም» ብላችሁ አትቁሙ፤ እንዴት እንዳላገኛችሁም ንገሩት። በመካከላችሁ ስንት ሜትር ነበር? ቁጥቋጦው ምን ያህል ያሳያል? ያልወረዳችሁበት ቦታ የት ነው? ደክሟችሁ የዘለላችሁት ካለም ተናገሩ፤ የሚቆጣችሁ አስተባባሪ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። አንድን ቦታ እያንዳንዱ 50 በመቶ የማግኘት ዕድል ባላቸው ሁለት አሰሳዎች ሁለት ጊዜ ማየት፣ አሰሳዎቹ አንዱ የሌላውን ስሕተት የማይደግም ከሆነ፣ 75 በመቶ ያደርሳል። ያልተሟላ አሰሳ እንግዲህ ከንቱ አይደለም፤ ያልተሟላ መሆኑ እስከ ተነገረ ድረስ ሁለተኛ ቡድን ያሟላዋል።

ድምፅን በተመለከተ ከዚያ ፈፋ የተማርኩት ይህ ነው፤ ፊሽካችሁን ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ንፉ፤ ከዚያ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ሁሉም ይቁም፤ ሬዲዮው ይቀነስ፤ ጃኬት እንኳ አይንኮሻኮሽ። ተራራ ላይ ያለ የተለመደው የጭንቅ ምልክት በደቂቃ 6 ጊዜ የሚሰጥ ድምፅ ወይም ብርሃን ነው፤ ከዚያ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይከተላል፤ መልሱ በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። የእኛ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ በድንጋይ ድንጋይ እያንኳኳ ቢሆንም አዳምጡት።

ብርድ ያገኘው ሰው ደግሞ ከምታስቡት ቦታ አይገኝም። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የአእምሮ መደነጋገር ይመጣል። ጉዳቱ ሲከፋ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ አንዳንዱም ሙቀት የተሰማው መስሎት ልብሱን ያወልቃል፤ ከዚያ እንደ እንስሳ ወደ ጠባብ ቦታ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር ወይም ከቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። በመንገድ ዳር የተጣለ ጃኬት ስታዩ «ሞቆት ጥሎት ሄዷል» ብላችሁ አትለፉ፤ ከዚያ አቅራቢያ ያለውን ጉድጓድና ሥርቻ ሁሉ ጎንበስ ብላችሁ ዕዩ። ተራራ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ሜዳ ላይ ምሽቱ ስለ ተስማማችሁ ላይም እንደዚያው ነው ብላችሁ አትገምቱ።

መንገድ የጠፋው ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብላችሁም አታስቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በጀርመን ደንና በሰሃራ በረሃ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ የታዘዙ ሰዎች ፀሐይ ወይም ጨረቃ ሲታያቸው ቀጥታውን ጠበቁ፤ ሰማዩ ሲሸፈን ግን ሳይታወቃቸው ዞረው በራሳቸው ዱካ ላይ ደረሱ። በጭጋግ ቀን ትናንት የታየ መሬት ዛሬ እንደገና የሚታየው በዚህም ምክንያት ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልናገርም። ሙቀት የሚያይ ካሜራ የያዘ ሄሊኮፕተር ወይም ድሮን ትልቅ ርዳታ ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ያለውን ቅጠልና ቋጥኙን አልፎ አያይም፤ አመሻሽ ላይም ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለ ድንጋይ ሰው ይመስላል። ሽታ የሚከተል ውሻ ነፋስ ይፈልጋል፤ አየሩ በአብዛኛው ቀን ወደ ሽቅብ፣ ሌሊት ወደ ቁልቁል ስለሚነፍስ፣ ውሻውን ከየት እንደምታስገቡት በሰዓቱ ይወሰናል። ተጓዡ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የጭንቅ ምልክት መላኪያ ይዞ ቢወጣና ቢያበራው ኖሮ፣ ሳተላይቶች ያለበትን አካባቢ ይነግሩን ነበር፤ ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሰው ያተረፈው የጭንቅ ምልክትን በሳተላይት እየተቀበለ ነው። ድሮኑ ስለ በረረ፣ ውሻውም አሽትቶ ስላለፈ ብቻ ግን «የለም» ሊባል አይገባም፤ የእነሱም ድርሻ በመቶኛ ይጻፍ።

አንዳንዱ ፍለጋ ሳያገኝ ይቆማል። አየሩ፣ የሰው ኃይሉ፣ ያለፉት ቀናት ተመዝነው ውሳኔው ይሰጣል፤ ለቤተሰብ የሚነግረውም ከማንም ቀድሞ አስተባባሪው ራሱ ነው፤ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፤ «እዚያጋ አይታችኋል?» ይላሉ፣ በካርታው ላይ በጣታቸው እያመለከቱ። የእናንተ ቅጽ በእውነት ከተጻፈ አስተባባሪው አንገቱን ሳይደፋ ሊመልስ ይችላል። በረዶው ሲቀልጥ ወይም ቅጠሉ ሲረግፍ ወደየትኛው ቦታ መመለስ እንዳለብንም የሚነግረን ያው ቅጽ ነው።

ነገ በልምምዱ ቦታ ላይ ጓንት፣ የውኃ ጠርሙስ፣ የተጣለ ካርታና ሌሎችም ዕቃዎች ተደብቀዋል፤ ብዛታቸውን ከእኔና ከአንድ ባልደረባዬ በቀር የሚያውቅ የለም። ማታ ስትመለሱ ያገኛችሁትን ከመቁጠራችን በፊት፣ እያንዳንዱ ቡድን ከነበረው ስንት በመቶውን እንዳገኘ በግምት ይጻፍ። ከዚያ እውነተኛውን ቁጥር እነግራችኋለሁ፤ ልዩነቱንም አብረን እናያለን። መነሻችን ንጋት ላይ ነው፤ የፊሽካችሁን ድምፅ ዛሬ ማታ ሞክሩት።

አመሰግናለሁ።