የቀረውን ማን ይጠይቃል? የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር፣ ጎንደር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የዕድር ዳኞችና የጤና ባለሙያዎች፣ ከወለቃ መንደር የመጣችሁ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

በ1947 ዓ.ም. እዚህ ከተማችን የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ያሰማራ ነበር። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያላ! ሐዘንና ጭንቀት የከበዳቸውን ሰዎች በእጅ ሥራ፣ በእስክስታና በትንፋሽ ልምምድ የምንደግፍበት የእኛም የሐሙስ መርሐ ግብር በዚያው መንገድ ይሂድ። ለ12 ሰው ሁለት አስተባባሪ ይመደብ። አንደኛዋ ሸክላውን ወይም ስፌቱን ታስተምር፤ ሁለተኛዋ ምንም አታስተምር፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ተነሥቶ እንደወጣ ትከታተል። በአንድ አስተባባሪ የተሞከረ እንደሆነ የእጅ ሥራ ትምህርት ሆኖ ይቀራል።

ሸክላው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነው። ለአንድ ሰው ኪሎ ተኩል ጭቃ ይበቃል፤ ለ12 ሰው 18 ኪሎ። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ተወቅጦ የተነፋ ገል ይግባበት። የተሠራው ዕቃ ሁለት ቀን ላስቲክ ለብሶ፣ ከዚያ 10 ቀን ያህል ጥላ ሥር ይቆይ፤ ክረምት ከሆነ ከዚያም ይርዘም። ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውኃ አለ። “እንግዶች ሊጎበኙን ነው” ተብሎ እንደዚያው እሳት ከገባ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። ልጇን ለቀበረች እናት የእጇ ሥራ ተሰባብሮ ሲወጣ፣ ነገሩ የገል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ከማሠራት ሁለት ትናንሽ ማሠራት ይሻላል።

የወለቃ ሴቶች ይህን ከእኛ አብልጠው ያውቁታል። በዚህ ሙያ ስንት ዘመን ሲናቁ ኖረዋል፤ ዛሬ “በጎ ፈቃደኛ” እያልን በነፃ ብናሠራቸው ያው ንቀት ነው፣ ስሙን ብቻ አሳምረነዋል። ለሐኪሙ አበል ከተከፈለ ለሸክላ ሠሪዋም እኩል ይከፈል።

ስፌቱ ይቀላል፤ የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማው፣ ውኃ ካልነካው እንደሚሰበር ካስታወስን ይበቃል። እስክስታውም ትከሻ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይችሉታል። ማሲንቆ ካለ ግን ትዝታ መዝጊያ አይሁን፣ ሰው ሆዱ እንደባባ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መካከል ላይ ይሁንና ሞቅ ባለው ይዘጋ።

በትንፋሽ ልምምዱ እስከ አራት ቆጥሮ መሳብ፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ማውጣት፤ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ያዞረው ሰው ትቶ እንደወትሮው ይተንፍስ። “ዐይናችሁን ጨፍኑ” ብሎ ማዘዝ ይቅር። ክፉ ያየ ሰው ሲጨፍን ያው ክፉ ሊመጣበት ይችላል፤ ወለሉን ይመልከት።

ቀኑን ሐሙስ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያደረግነው ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ዕድርና ሰንበቴ ስለሆነ ነው። አንድ ሐሙስ ለቀረ ሰው ይደወል፣ ሁለት ከቀረ ቤቱ ይኬድ። ይህን ዕድሮቻችን ከማንም በላይ ይችሉበታል፤ ስም መዝገቡን ለእነሱ እንስጥ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። መሞትን ያነሣ ግን ብቻውን አይተው፣ በዚያው ዕለት ከሰው ጋር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አእምሮ ሕክምና ይድረስ። ጠበል የሚሄደውን አንከለክልም፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ እንለምን።

ለጋሾች ዐውደ ርእይ ሲሉ ይከፍላሉ፣ የቤት ለቤት ጥየቃ ትራንስፖርት ሲባል ያመነታሉ። የፌዴራሉ አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ እኛም ይህን ወጪ ከቢሮ ነዳጅ ጋር ቀላቅለን ስናቀርብ ራሳችን አስተዳደራዊ አስመሰልነው። ጥየቃ ዋናው ሥራችን ነውና ከዕቅዱ ጀምሮ በፕሮግራም ወጪ ሥር ለብቻው ይጻፍ። የተሸጠ ዕቃ ዋጋም የማን እንደሆነ ከሽያጩ በፊት ይወሰን፤ የቦርዱ ሐሳብ የጭቃውና የማገዶው ወጪ ተቀንሶ ቀሪው ለሠሪው ይሁን የሚል ነው።

ሁለቱም ጉዳዮች ከቡና በኋላ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። አሁን የሒሳብ ሹማችን ሪፖርቱን ያቀርባሉ።