ሁለት ባንዲራ በአንድ ግቢ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከጅማ ነው የማወራችሁ። ውጪ ዝናብ ይዟል፣ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ዛሬ ስለ ባንዲራ ላወራ ነው። ቆይ፣ ፖለቲካ ነው ብላችሁ እንዳትዘጉት።

እዚህ ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትገቡ ሁለት ባንዲራ ታያላችሁ። አንዱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ሌላው የኦሮሚያ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ክልሎች የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይላል። አማርኛ እያወራን ጅማ ያደግን ልጆች የመጀመሪያውን ከእንቅልፋችን ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁንም እንመልሳለን። ልምላሜ፣ ተስፋ፣ መስዋዕትነት። ሁለተኛውን በየቀኑ እናየዋለን፣ ግን ከጓደኞቼ መሃል ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አላስታውስም። ይሄ ነው የሚከነክነኝ።

እስቲ ከምናውቀው እንጀምር። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ ሆነው ይፋዊ ባንዲራ የሆኑት በምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከዓድዋ ድል ብዙም አልቆየም። ያን ጊዜ ጅማ ላይ ማን ነበር? ዳግማዊ አባ ጅፋር። ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ለምኒልክ ይገብራሉ፣ በቤታቸው ግን አዛዡ እሳቸው ናቸው። ባንዲራው ሲወለድ ጅማ የራሷ ንጉሥ ነበራት ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣብን ጅሬን ወስደን ቤተ መንግሥቱን እናስጎበኛለን፣ ይቺን ግን ማንም አያነሳትም።

ከዚያ በኋላ ጠቡ ሁሉ መሃሉ ላይ ነው። በንጉሡ ጊዜ ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበረበት፣ መስቀል ያለበት በትር ይዞ። ደርግ መጣና ዘውዱን አወለቀው፣ የበትሩንም ጫፍ ጦር አደረገው። አንበሳው ግን ለጊዜው ቀረ! እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያስቀኛል። በኋላ ደርግ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲያውጅ ሌላ አርማ መጣ። በ1988 ደግሞ ዛሬ የምናየው ሰማያዊ ክብና ኮከብ። ልሙጡን ይዞ የወጣና ባለኮከቡን ይዞ የወጣ ስንት ተጣልቷል፣ ታውቁታላችሁ።

ያ በቃላችን የያዝነው ትርጉምስ? የ2001ዱ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ጽፎታል። አረንጓዴው ሥራ፣ ልምላሜና ዕድገት። ቢጫው ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት። ቀዩ ለነጻነትና ለእኩልነት የተከፈለ መስዋዕትነት። ሰማያዊው ሰላም። ቀለማቱን ግን ሰው ከአዋጁ በፊትም በየራሱ ይፈታቸው ነበር። ከኖኅ ቀስተ ደመና ጋር የሚያያይዙ አሉ። ጋና በ1949 ነጻ ስትወጣ ከኛ ወስዳ ሌላ ትርጉም ሰጠቻቸው። እዚያ ቢጫው የማዕድን ሀብት ነው፣ ወርቁ።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

ሳቁ። «እስካሁን የት ነበርሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ገዳን አስረዱኝ። እንደሳቸው አገላለጽ፣ ጥቁሩ ገና ተራው ያልደረሰው ትውልድ ነው። ቀዩ አሁን ሥልጣን ላይ ያለው። ነጩ ጨርሶ የወጣው፣ የሚመክረው ሽማግሌ። ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክብ ሥርዓት ስለሆነ፣ እንዲህ ሲነበብ ባንዲራው የተራ ጉዳይ ይሆናል። ጥቁር ደግሞ በኦሮሞ ዘንድ ክብር ያለው ቀለም ነው። ፈጣሪ ራሱ «ዋቃ ጉራቻ» ይባላል፣ ጥቁሩ አምላክ። እኔ እኮ ጥቁር ሲባል ለቅሶ ነበር የሚመጣልኝ።

መሃሉ ላይ ያለው ዛፍ ኦዳ ነው፣ ጉባኤ የሚቀመጡበት፣ ሕግ የሚያወጡበት። ይቺን እንኳ አውቃት ነበር፣ የመቶ ብር ጥያቄ አይደለችም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሚገርመኝ፣ አንዱ ስለ ልምላሜና ስለ ደም ያወራል፣ ሌላው ስለ ጊዜ። ለኔ ሁለተኛው ይረቃል። ቅር የሚለው ካለ ይበለኝ። ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ሲያስጠኑን አጠገቡ ያለውንም ቢነግሩን ምን ነበረበት? ሁለቱም እኮ እዚያው ሰልፍ ሜዳ ላይ ነበሩ።

የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። እስከዚያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ያላችሁበት ክልል ባንዲራ ቀለማት ምን ማለት እንደሆኑ ቤት ያለ ትልቅ ሰው ጠይቁና በድምፅ ላኩልኝ። የሲዳማ፣ የአፋር፣ የጋምቤላ፣ የየትም ይሁን። ጉግል አድርጋችሁ እንዳትልኩ ብቻ፣ ያስታውቃል። በሉ፣ ቻው።