ዝምታዋን አትቁረጡባት

የተከበራችሁ የየካ አባዶ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወጣቶች፤

የዘጋቢ ፊልም ስልጠናው ዛሬ አለቀ። ከነገ ጀምሮ ካሜራ ይዛችሁ የምትገቡት ግን ከመሀል ከተማ ተነሥተው እዚህ ኮንዶሚኒየም የገቡ፣ በቀይ ሽብር ልጅ የተነጠቁ እናቶች ቤት ነው።

የፊልም መቀስ ምን እንደሚሠራ ይህ አገር ያውቃል። የወሎ ረሃብ ተደብቆ ከቆየ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ የረሃቡን ፊልም ከንጉሡ ድግስ ምስል ጋር ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። ፊልሙን የቀጣጠለው ደርግ ግን ሥልጣኑን ካደላደለ በኋላ የእነዚህን እናቶች ልጆች መንገድ ላይ አጋደመ።

ስለ ድምፅ አደራ አለኝ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ያስተጋባል፤ ከካሜራው ጀርባ ሁለት ብርድ ልብስ ስቀሉ። ፍሪጁን ንቀሉ፤ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የቤታችሁን ቁልፍ እዚያው ውስጥ አስቀምጡ። ማይኩን ነጠላ ላይ አታድርጉ፤ እየታሸ የሚያሰማውን ኮሽታ ኋላ ማንም አያጠራውም። ቀሚሳቸው ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ሰኩት። በመቅጃው መለኪያ ላይ የድምፁ ጣሪያ ከ-12 ዴሲቤል አይለፍ፤ ልቅሶ ድንገት ነው የሚመጣው፣ ቦታ ተዉለት። ከመነሣታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። እናት እያወራች ድንገት ዝም ስትል፣ ያንን ዝምታ ቆርጦ ዋሽንት የሚያስገባ በዝቷል። ያ ዝምታ እኮ ባዶ አይደለም! የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀች፣ ድንኳን እንዳትጥል፣ ጥቁር እንዳትለብስ፣ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት ዝምታ ነው! የታፈነው ታሪክ ምን ይመስላል ካላችሁ፣ እሱ ራሱ ነው። ሃያ ሰከንድ ዝም ካለች ሃያውንም አቆዩት! ካሜራውን ወደ እንባዋ አታስጠጉ፣ ጥያቄም አትደርቡ። ተመልካች ይሰለቻል ካላችሁ፣ ይሰልች!

የቀረው አጭር ነው። የልጁን ፎቶ በፍላሽ አታንሱ፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል፤ ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ አብሩበት። ቀረጻውን ሦስት ቦታ ገልብጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ቡና ከቀረበ በረካው ሳይጠጣ ካሜራ አታውጡ። ፊልሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታየው እኚያ እናት ሳሎን ውስጥ ነው፤ «ይቺን አውጡልኝ» ካሉ፣ ሳትከራከሩ አውጡ።

አመሰግናለሁ።