ለልጅ ጌም ስትገዙ ጥማዱን አይታችሁ ግዙ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ! ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ እንደምን አላችሁ! ከጎጃም ወጥታችሁ አዲስ አበባም ዓረብ አገርም ሆናችሁ ለእህት ልጅ፣ ለወንድም ልጅ ዕቃ የምትልኩ፣ ይህ ቪዲዮ ለእናንተም ነው።

ልጁ ክፍሉን አለፈ። "ካለፍክ ጌም እገዛልሃለሁ" ተብሎ ነበር፤ አለፈ። ቃል ደግሞ ዕዳ ነው። አባት ብሩን ይዞ ሱቅ ይገባል። ሻጩ "ጋሼ፣ ይሄ ኮር አይ 7 ነው፣ የማይጫወተው ነገር የለም" ይለዋል። ይከፍላል፣ ተሸክሞ ይገባል። ማታ ልጁ የኳስ ጨዋታውን ሲከፍት ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል፣ አንድ እርምጃ ይሄድና ይቆማል። ልጁ አባቱን ቅር እንዳይለው ብሎ "አሪፍ ነው አባዬ" ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህች "አሪፍ ነው አባዬ" ናት። ይህን ቪዲዮ የሠራሁትም ለእሷ ስል ነው።

ኮምፒውተር ወይስ ፕሌይስቴሽን? አዲስ ወይስ ያገለገለ? ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ። ራም ምን እንደሆነ፣ ኤስኤስዲ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ነው፤ ያላወቃችሁ የቀደመውን ቪዲዮ እዩት፣ እግረ መንገዳችሁንም ሰብስክራይብ አድርጉ።

መጀመሪያ ግን በሬ ገበያ እንውረድ።

አያቴ በሬ ሲገዛ አብሬው እሄድ ነበር። አያቴ የገበያውን ትልቅ በሬ አይፈልግም። ልብ በሉ፣ ትልቁን አይፈልግም! እቤት የቀረውን በሬ በዓይኑ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ቁመቱን፣ ጫንቃውን፣ አረማመዱን። የሚፈልገው ከዚያ በሬ ጋር የሚገጥም ነው። ለምን? ቀንበሩ አንድ ነዋ! አንዱ በሬ ጎበዝ፣ ሌላው ደካማ ሲሆን ቀንበሩ ያዘነብላል። ጎበዙ ይቀድማል፣ ደካማው ይጎተታል፣ ትልሙ ይጣመማል፣ አራሹ ቀኑን ሙሉ ከእርፉ ጋር ሲታገል ይውላል፣ የደካማውም ጫንቃ ይላጣል። ማታ ሲታይ የታረሰው መሬት በማን ልክ ነው? በደካማው በሬ ልክ። የጎበዙ ጉልበትስ? ባከነ። ብር የተከፈለበት ጉልበት ባከነ።

ደላላው ደግሞ ጎን ጎኑን እየመታ "ተመልከት፣ ድንጋይ እኮ ነው!" ይላል። አያቴ ጎኑን አያይም። አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ዕድሜው ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ይችን ጥርስ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ጌም የሚጫወት ማሽን ውስጥ ሁለት በሬዎች አሉ። አንደኛው ፕሮሰሰር፣ ሁለተኛው ግራፊክስ። ፕሮሰሰሩ ኳሱ የት እንደሚወድቅ፣ በረኛው ወዴት እንደሚዘል ያሰላል። ግራፊክሱ ያንን ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል፤ በሴኮንድ 30 ጊዜ፣ ከበረታ 60 ጊዜ። አንዱ ከዘገየ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ልጁ "እየቆመብኝ ነው" የሚላችሁ ይህንን ነው።

ሃርድ ዲስክ ጎተራው ነው፤ ኤስኤስዲም ጎተራ ነው፣ ግን ፈጣኑ። ራም ደግሞ እናቴ ከጎተራ እየቀዳች የምታበጥርበት ሰፌድ። ሰፌዱ ከጠበበ ሥራው መመላለስ ብቻ ይሆናል። 4 ጂቢ ጠባብ ሰፌድ ነው፣ አትግዙት። 8 ጂቢ ያስኬዳል፤ 16 ካገኛችሁ እሰየው።

አሁን ምርጫውን በዚሁ ዓይን እንየው።

ኮንሶል፣ ማለትም ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ፣ ኒንቴንዶ፣ ከአንድ በረት አብሮ ያደገ ጥማድ ነው። ሁለቱ በሬዎች ተለክተው፣ ተገጣጥመው፣ ከነቀንበራቸው ነው የሚሸጡላችሁ። ጨዋታ የሚሠሩትም ሰዎች ያንን ጥማድ ያውቁታል፤ ጨዋታውን በጉልበቱ ልክ ይሰፉለታል። ስለዚህ ነው በፈረንጆቹ 2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በ2025 የወጣውን የኳስ ጨዋታ፣ ኤፍሲ 26ን፣ ዛሬም የሚያጫውተው። በዚያው በ2013 የተሠራ የቢሮ ኮምፒውተር እንዳለ ይህን ጨዋታ አይችለውም።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ደግሞ መቀናጆ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ተቀናጅተው እንደሚያርሱት ማለት ነው። መቀናጆ ያዋጣል፤ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚጠመድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ላፕቶፕስ? ላፕቶፕ ፈረስ ነው። በአዊ በኩል በፈረስም ይታረሳል፣ ታውቃላችሁ። ፈረስ ያርሳል፣ ይጋለባል፣ ይጫናል፣ ሙሽራ ያጅባል። ላፕቶፕም ትምህርቱንም፣ ፊልሙንም፣ ጽሑፉንም ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቀጥላል። ከባድ ጌም ሲጫንበት ግን ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ለጊዜው ላቁም። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ "ኮር አይ 7 ከሆነ በቃ አይደል ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አሥር ሰው ቢጠይቀኝ አሥሩም ይህንኑ ነው። በአጭሩ ልመልስ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አይደለም። አይበቃም። አይ 7 የፕሮሰሰር ማዕረግ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። አንድ ሰው "ደጃዝማች ነበር" ቢላችሁ "በማን ዘመን?" ብላችሁ ትጠይቁ የለም? ፕሮሰሰሩን የሚሠራው ኩባንያ ኢንቴል አይ 7 የሚለውን ስም የጀመረው በፈረንጆቹ 2008 ነው። የያኔውም አይ 7፣ ከ10 ዓመት በኋላ የመጣውም አይ 7። ጎኑን ሲመቱላችሁ "ድንጋይ ነው" ይሏችኋል፤ እናንተ ጥርሱን እዩ።

ጥርሱ የት ነው? ከአይ 3፣ ከአይ 5 ወይም ከአይ 7 ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 7-2620ኤም ካለ፣ መጀመሪያ ያለችው 2 ሁለተኛ ትውልድ ማለት ናት፤ የ2011 ዕቃ። 8250 ካለ ስምንተኛ ትውልድ። ቁጥሩ አምስት አኃዝ ሆኖ 10100 ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንብቡ፣ አሥረኛ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ይህን ስትሰሙ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ላፕቶፕ ላይ አይ 7-7500ዩ የሚባል አለ፣ በ2016 የወጣ፤ ውስጡ ያለው 2 ኮር፣ ማለትም ሁለት የሚያሰላ ክፍል ነው። በዓመቱ አይ 5-8250ዩ መጣ፤ 4 ኮር ይዞ! አይ 5ቱ አይ 7ቱን በእጥፍ ኮር በለጠው። ሱቅ ስትገቡ ግን አይ 7ቱን ነው በኩራት የሚያወጡላችሁ።

እኔ ራሴ ለእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ስገዛ ተታልያለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ላዩ ላይ አይ 7 የሚል ተለጣፊ አለ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ውስጡ አይ 3 ነው። ተለጣፊው የማንም ይሁን የማን፣ ብቻ የዚያ ላፕቶፕ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ተለጣፊ አላነብም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ እጫናለሁ፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን እከፍታለሁ፤ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ስሙ፣ ራሙ፣ ግራፊክሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻጩ ፊት፣ ብር ሳትሰጡ፣ እዚያው አድርጉት። ማፈር የለም። አያቴ የበሬ አፍ ሲከፍት ከማንም አላፈረም።

ደግሞም አይ 7ቱ እውነተኛና አዲስ ቢሆን እንኳ አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ! ሁለተኛው የታለ? የራሱ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ማይንክራፍትንና የቆዩ የኳስ ጨዋታዎችን ያስኬዳል፤ አዲስና ከባዱን ግን አይሞክረው።

እሺ፣ ወደ ግዢው። ዋጋ አልጠራላችሁም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጠራሁት ዋጋ ቪዲዮውን እስክታዩት ይለወጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከያዛችሁት ብር ከአምስት እጅ አንዱን ለማሽኑ አታውሉት። ለሁለተኛ ጆይስቲክ፣ ለዲስክና ለስታቢላይዘር ትፈልጉታላችሁ።

ኮምፒውተር ለምትሉ፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ አይ 5 ፈልጉ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ ከቢሮ የወጡ ዴስክቶፖች ጥሩ መነሻ ናቸው። ኃይል የሚመግባቸው ፓወር ሰፕላይ ግን ትንሽ ነው፣ ለካርዱ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከዋናው ሰሌዳ፣ ሶኬት በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የሚገጥመው፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650፣ ያውም ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት። ቀጭን ኬዝ ከሆነ አጭሩን ካርድ። በ1050 ቲአይ ስም ስሙ የተቀየረ አሮጌ ካርድ ይሸጣል፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐሰተኛ ከሆነ ራሱ ጽፎ ይነግራችኋል። ኤስኤስዲ ይኑረው። ጨረስኩ።

አሁን ስለ ኢንተርኔት፤ ይህ ለእኛ አገር ከሁሉ ይበልጣል። ከውጭ ዕቃ የምትልኩ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋውም ከትልቁ ወንድሙ ያንሳል፤ ዲስክ ማስገቢያ ግን የለውም። ዲጂታል የሚባለው ፕሌይስቴሽን 5ም እንደዚያው። ጨዋታው ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚወርደው፤ አንዳንዱ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጂቢ በላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለ ልጅ በሞባይል ዳታ 100 ጂቢ እንዴት አድርጎ ያውርድ? ኔት ሳይኖርስ ስንት ጊዜ እንደከረምን እናንተም ታውቁታላችሁ። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ለቦታው ግን አይሆንም። ዲስክ የሚበላ ማሽን ላኩ! ዲስኩ በልጁ እጅ ነው፣ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጠዋል፣ ሲሰለቸው ይሸጠዋል።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ልጁ የሚፈልገው ኳስና ጨዋታ ብቻ ከሆነ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም። ትምህርትም አብሮ ከታሰበ ስምንተኛ ትውልድ ላፕቶፕ፣ ከባድ ጌሙን ትቶ። አቅሙ ላለው ዲስክ የሚቀበለው ፕሌይስቴሽን 5፤ የ4ን ዲስክ ከጥቂቶቹ በቀር ይጫወታል። ኒንቴንዶ ስዊችም ባትሪ አለው፤ በ2019 የታደሰው እንደ ጨዋታው ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግ ነው፤ የጨዋታ ካርዱን ግን ከውጭ የሚልክላችሁ ሰው ይኑራችሁ።

ስሊም ለምን አልኩ? ከጀርባው ሲዩኤች-2 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ታያላችሁ፤ በ2016 የወጣው ቀጭኑ ነው። ከፍተኛ ፍጆታው 165 ዋት ነው። "ፕሌይስቴሽኑ ቆጣሪ ይበላል" ለምትሉ እናቶች፣ የእንጀራ ምጣዱ እኮ ከ3,000 ዋት በላይ ነው! አንዱ ምጣድ 18 ፕሌይስቴሽን ማለት ነው። ይልቅ ምጣዱ ሲለኮስ አምፖሉ ደብዘዝ የሚልባችሁ ከሆነ ለዚያ ነው ስታቢላይዘር ያልኩት። ልጁም ጨርሶ ሲነሳ ማሽኑን ጨርሶ ያጥፋው፣ አሸልቦ እንዲቆይ አይተወው፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ሃርድ ዲስኩን ራሱ በኋላ በኤስኤስዲ መቀየር ይቻላል።

ስትገዙ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና ግማሽ ሰዓት አጫውቱት። ማራገቢያው እንደ አውሎ ነፋስ ከጮኸ ውስጡ አቧራ ሞልቶታል፤ ይጸዳል፣ ዋጋ ግን አስቀንሱበት። ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚወስደውን የኤችዲኤምአይ ገመድ ነካ አድርጉት፤ ሥዕሉ ከጠፋ ተዉት። ጆይስቲኩን ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን ከሄደ ጆይስቲኩ አልቋል። "ሃያ ጨዋታ ጭኜበታለሁ" ካሏችሁ ጄልብሬክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያልተገዛ ጨዋታ የተጫነበት ሊሆን ይችላል፤ ሲስተሙን ያዘመናችሁ ዕለት ሃያውም አይከፈቱም። እኔ ንጹሑን ከሁለት ዲስክ ጋር እመርጣለሁ።

ለአውሮፓ በተሠራው ዲስክ ሽፋን ላይ ደግሞ ቁጥር አለ፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18። ዕድሜ ነው። የኳስ ጨዋታው 3 ነው፣ የወንጀል ጨዋታው ጂቲኤ 18 ነው። የ10 ዓመት ልጅ "ሁሉም ጓደኞቼ ይጫወቱታል" ቢላችሁም 18 ማለት 18 ነው፣ እንቢ በሉ።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ተመልሶ ተሸጠ፣ ትንሽ ከስረናል። በምትኩ ስሊም ገዛንለት፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር። ሁለተኛውን ያስገዛኝ እሱ ነው፤ "አጎቴ፣ ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ?" አለኝ። አሁን እሑድ እሑድ ከአባቱ ጋር ይጫወታሉ፤ እስካሁን አባትየው አንድም ቀን አላሸነፈም።

ከተማችሁን፣ የያዛችሁትን ብርና የልጁን ዕድሜ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ብቻውን የሚሄደውን ጆይስቲክ ፈትተን እናጸዳለን፤ ትንሽ የመስቀል ቅርጽ መፍቻ አዘጋጁ።